የአሸንዳ ማጽጃ ማሽን ልግዛ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የመስኮትና የወለል ጽዳት የምትሠራ ትንሽ ድርጅት አለችኝ። ከእኔ ጋር ሦስት ነን። መስኮት ስናጸዳ ደንበኞች «አሸንዳውንስ አታዩልንም?» ይሉናል። ፎቅ የሌለው ቤት ከሆነ መሰላል አቁመን በባልዲና በትንሽ የእጅ አካፋ እንሠራለን። ፎቅ ካለው ግን እምቢ እንላለን። አሁን የአሸንዳ ጽዳት ሥራውን የሚያቆም ሰው ሙሉ ዕቃውን ልሽጥልሽ ብሎኛል፦ ከመሬት ቆሞ የአሸንዳን ቆሻሻ በዘንግ የሚስብ ባለ ሦስት ሞተር ቫኪዩም፣ የአሉሚኒየም ዘንጎች፣ የመሳቢያ ጎማውና ገመድ አልባ ካሜራ። የጠየቀኝ ዋጋ እኛ ከ22 የአሸንዳ ሥራ የምንቀበለውን ክፍያ ያህላል። ባለፈው ዓመት ስለ አሸንዳ 31 ሰው ጠይቆናል። 19ኙን ሠርተን 12ቱን መልሰናል። ስለዚህ በእኔ ሂሳብ ማሽኑ በአንድ ዓመት ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል። የምከፍለው ግን ያለኝን ቁጠባ በሙሉ ነው። ባለቤቴ ግዢው ይለኛል። አንዱ ሠራተኛዬ ደግሞ ማሽኑ ቆሞ ነው የሚከርመው ባይ ነው። እርስዎ ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በደብዳቤሽ ደስ ያለኝ ቁጥር ይዘሽ መምጣትሽ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚልክልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ገበያው አለ» ብሎ ያልፋል። አንቺ የጠየቀሽን፣ የሠራሽውንና የመለስሽውን ለይተሽ ጽፈሻል። እኔም በጽዳት ሥራ ረጅም ዓመት ስለቆየሁ ይህ መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅምሽ አውቃለሁ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ሙሉ ዕቃውን አሁን አትግዢ። ካሜራውን ግዢ። ማሽኑን ለአንድ ወቅት ተከራይተሽ ሥሪበት። ምክንያቴ ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

በቅድሚያ ሂሳቡን እናስተካክል። «የ22 ሥራ ክፍያ» ያልሽው ደንበኛው የሚሰጥሽ ሙሉ ገንዘብ ነው። ማሽኑን የሚመልሰው ግን የሚተርፍሽ ገንዘብ ነው። ለአንድ ሥራ 100 ትቀበያለሽ እንበል። ከእሱ የሠራተኛ ቀን፣ የመኪና ነዳጅ፣ ቆሻሻውን የማስወገጃ ወጪ፣ የጓንትና የዕቃ መበላሸት ሲቀነስ 55 ይተርፍሽ እንበል። የማሽኑ ዋጋ 22 ጊዜ 100፣ ማለትም 2200 ነው። 2200 ለ55 ሲካፈል 40 ይመጣል። ስለዚህ 22 ሳይሆን 40 ሥራ ነው የሚጠበቅብሽ። የአንቺ ትክክለኛ ወጪ ከ45 ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ዛሬ ማታ ደብተርሽን አውጥተሽ ራስሽ አስይው።

ቀጥሎ 19ኙ ሥራ ይምጣ። እነሱን ያለ ማሽን ሠርተሻቸዋል። ማሽኑ ባይኖርም ትሠሪያቸዋለሽ። ስለዚህ ገቢያቸውን ለማሽኑ ማስቆጠር የለብሽም። ማሽኑ የሚያመጣልሽ አዲስ ነገር የመለስሻቸው 12 ቤቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ጠየቁ እንጂ ዋጋ ሰምተው እሺ አላሉም። የፎቅ ሥራ ዋጋ ሲነገራቸው አንዳንዶቹ ይቅርብን ይላሉ። ስምንቱ እሺ ቢሉ በዓመት የሚገባልሽ ትርፍ 440 ነው።

ፎቅ በሌላቸው ቤቶችስ ማሽኑ ጊዜ አይቆጥብም ወይ ትይኝ ይሆናል። ይቆጥባል፣ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። 30 ሜትር አሸንዳ ያለው ቤት ላይ መሰላሉ 15 ጊዜ ያህል ቦታ ይቀየራል። ያ አድካሚ ነው። በሌላ በኩል ማሽኑን ከመኪና ማውረድ፣ ዘንጉን መገጣጠም፣ ገመድ መዘርጋት፣ ታንኩን መድፋትና በመጨረሻ ሁሉንም ማጠብ አለ። ደረቅ ቅጠል ከሆነ ማሽኑ ይቀድማል። የከረመ ጭቃ ከሆነ የእጅ አካፋው ይቀድማል። ጊዜውን በገንዘብ ተምነን በአማካይ በየሥራው 15 ይቆጥብልሽ ብንል፣ ከ19ኙ 285 ይመጣል። ከ440 ጋር ሲደመር 725 ነው። 2200 ለ725 ሲካፈል ሦስት ዓመት ገደማ። ሦስት ዓመት ደግሞ አስቀድሞ ለሠራ ያገለገለ ማሽን ረጅም ነው። በመሀል የሞተር ካርቦን ያልቃል፣ ጎማ ይቀደዳል፣ የዘንግ መቆለፊያ ይላላል። ይህ ሁሉ ወጪ ሂሳቡ ውስጥ የለም።

ሠራተኛሽ ማሽኑ ቆሞ ይከርማል ያለው እንግዲህ ያለ ምክንያት አይደለም። ባለቤትሽም ግን አልተሳሳተም። ገበያሽ 31 ሰው ብቻ ነው ብዬ አላምንም። እነዚህ 31 ሰዎች ራሳቸው አስታውሰው የጠየቁ ናቸው። አብዛኛው የቤት ባለቤት አሸንዳው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ከታች አይታይማ! የሚያውቀው ውሃ በግድግዳው ሲወርድ ነው።

ካሜራውን አስቀድሚ ያልኩሽ ለዚህ ነው። መስኮት ልታጸጂ የሄድሽበት ቤት ሁሉ ካሜራውን በዘንግ ጫፍ አስረሽ አሸንዳውን ታዪዋለሽ። ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የሚወስደው። ፎቶውን በስልክሽ ለባለቤቱ ታሳዪዋለሽ። አሸንዳው ውስጥ ችግኝ በቅሎ ያየ ሰው ብዙ ማሳመን አያስፈልገውም። ንጹህ ከሆነም «ንጹህ ነው፣ በሚቀጥለው ወቅት እናየዋለን» በይው። እንዲህ ያልሽው ደንበኛ ሌላ ጊዜ ችግር አለ ስትይው ያምንሻል። ካሜራው ሌላም ጥቅም አለው። ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የተሰነጠቀውን መጋጠሚያና የላላውን መያዣ ፎቶ አንሺ። በኋላ «እናንተ ናችሁ የሰበራችሁት» የሚል ክርክር ሲመጣ ፎቶው ይፈርዳል።

አሁን ስለ መሰላል ላንሳ። 12ቱን ቤቶች እምቢ ማለትሽ ልክ ነው። እባክሽ ይህን አቋምሽን ለማንም ብለሽ አትቀይሪ። ጭቃ የሞላ ባልዲ ይዞ ከከፍታ የሚወርድ ሰው አንድ እጁ ተይዟል። ከሁለት እጅና ከሁለት እግር ሦስቱ ሁልጊዜ መሰላሉን መንካት አለባቸው የሚባለው እዚህ ላይ ይፈርሳል። ረጅም መሰላል መግዛት ለፎቁ ቤት መፍትሔ አይደለም። ፎቅ በሌለው ቤትም ቢሆን የመሰላሉ እግር ከግድግዳው የሚርቀው የከፍታውን አንድ አራተኛ ያህል ይሁን። 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩ 1 ሜትር ይራቅ። መሰላሉን በራሱ በአሸንዳው ላይ አታስደግፉት። አሸንዳው ይጎብጣል፣ መሰላሉም ይንሸራተታል። ከአሸንዳው የሚያርቀው የብረት ድጋፍ ይሸጣል፤ ርካሽ ነው፣ ዛሬውኑ ግዢው።

ከመሬት ቆሞ መሥራት የመውደቅን አደጋ ያስቀራል። ለእኔ ማሽኑን ለመግዛት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው፣ ከትርፉም በላይ። ግን የራሱን አደጋ ይዞ ይመጣል። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ሌላው የዘንግ መሥሪያ፣ ካርቦን ፋይበርም ያስተላልፋል። ብዙ ሰው ካርቦን ፋይበርን እንደ ፕላስቲክ ያየዋል፤ አይደለም። ወደ ቤቱ የሚገባ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ ዘንጉ ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ። ከፍተኛ ኃይል የሚያስተላልፍ መስመር ከሆነ ከዚያም በላይ መራቅ ያስፈልጋል። ዘንጉ ከእጅ አምልጦ ቢወድቅ የት ሊደርስ እንደሚችልም አስቢ። 9 ሜትር ዘንግ ሲወድቅ 9 ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ይመታል። ከሥር ሰው እንዳያልፍ አንዱ ሠራተኛ ይቁም። ሽቦው ቅርብ ከሆነ ሥራውን ተዪው።

ስለ ሰውየው ዘንጎች ያለኝ ሐሳብ ይኸው ነው። አሉሚኒየም ፎቅ ለሌለው ቤት ይበቃል። ወደ ባለ ሁለት ፎቅ ስትሄጂ ግን ክብደቱ ትከሻ ይቆርጣል። ካርቦን ፋይበር ውድ ነው፣ ግን ቀላልና ቀጥ ያለ ነው። አንቺ ማሽኑን የምትፈልጊው ለፎቅ ቤቶች ነው። የቀረበልሽ ዘንግ ግን ለእነሱ የሚመች አይደለም። ማሽኑን ከገዛሽ በኋላ ሌላ ዘንግ መግዛትሽ አይቀርም፣ ያ ወጪ ደግሞ ሂሳብሽ ውስጥ የለም።

ስለ ሞተሩ ብዛት አትጨነቂ። ሻጮች ሦስት ሞተር ከሁለት ይሻላል ይላሉ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መብራቱን ከየት ታመጪዋለሽ? 3300 ዋት የሚጎትት ማሽን በ220 ቮልት 15 አምፔር ይወስዳል። ፊውዙን ሊጥለው ይችላል። በ110 ቮልት ከሆነማ 30 አምፔር ስለሚሆን ከተራ ሶኬት የማይታሰብ ነው። ያኔ ጄኔሬተር ልትገዢ ነው፣ እሱም ውጭ ሆኖ ከመስኮትና ከበር ርቆ መቆም አለበት፤ ጭሱ ይገድላል። ኤክስቴንሽን ገመዱም ወፍራም ይሁን፣ ቢያንስ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ። ተጠቅልሎ ከቀረ ስለሚግል ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው የሚሠራው። ታንኩም አለ። 80 ሊትር የሚይዝ ታንክ በውሃና በጭቃ ሲሞላ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስት ሰዎች ናችሁ። ማን ያነሳዋል? የት ትደፉታላችሁ? መንገድ ዳር ባለ የውሃ መውረጃ ውስጥ መድፋት የደንበኛውን ችግር ወደ ሠፈሩ ማዛወር ነው።

ማሽኑ ምን እንደሚችል ስታውቂ ደንበኛን አታሳስቺም። ቆሻሻው እስከ ላይ ድረስ የሚሳብ ይመስላል። እውነቱ ግን የሚሳበው ከአሸንዳው ወደ ዘንጉ የታጠፈ አንገት ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳል። ችግር የሚፈጠረው እዚያ አንገት ላይ ነው። ቅጠል ከእንጨት ስንጥርና ከጭቃ ጋር ሲመጣ እዚያ ይሰካል። ዘንጉን ማውረድ፣ መፍታት፣ መጎርጎር፣ እንደገና ማንሳት ነው። ስለዚህ የአንገቱና የጎማው ስፋት ከሞተሩ ብዛት ይልቅ ያሳስበኛል። 50 ሚሊ ሜትር የሆነ ከ38ቱ በጣም ይሻላል።

ሌላው፣ ቫኪዩሙ አሸንዳውን እንጂ መውረጃ ቱቦውን አያጸዳም። ደንበኛው ግን የሚከፍልሽ ውሃው እንዲወርድ ነው። ትንሽ ሂሳብ ላሳይሽ። 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 3000 ሊትር ውሃ ነው። መውረጃው መታጠፊያው ላይ ከተዘጋ ያ ሁሉ ውሃ በግድግዳው ይወርዳል። ውሃው ተኝቶ ከቀረም ክብደት ነው። 10 ሜትር ርዝመት፣ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነ አሸንዳ ሲሞላ 100 ኪሎ ይይዛል። መያዣውን የሚነቅለው ይህ ነው። ስለዚህ የቱቦ መጎርጎሪያ ስፕሪንግና ረጅም የውሃ ጎማ ይኑርሽ። ጽዳቱ ሲያልቅ ውሃ ለቀሽ ከታች እስኪወጣ ጠብቂ። ውሃው መሀል ላይ ተኝቶ ከቀረ አሸንዳው ዝንባሌውን አጥቷል። በ10 ሜትር ውስጥ ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ያንን ለባለቤቱ ንገሪው፤ ማስተካከሉ የአንቺ ሥራ ባይሆንም እንኳ። ይህን ፍተሻ የማያደርግ ድርጅት በሚቀጥለው ዝናብ በነፃ ተመልሶ ይሄዳል፣ የዚያ ሥራ ትርፍም እዚያው ያልቃል።

አሁን ወደ ሰውየው እንመለስ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ከማሽኑ በፊት ስለ ደንበኞቹ ነበር የምጠይቀው። ስንት ቤት በየወቅቱ ይጠሩት ነበር? ዛፍ ሥር ያሉ ቤቶች በዓመት ሁለት ጊዜ ሊፈልጉ ይችላሉ። ሥራውን ከተወ እነዚያ ሰዎች አዲስ ሰው ይፈልጋሉ። እነሱን እየጠራ «ከእንግዲህ እሷ ትመጣላችኋለች» ቢልልሽ፣ ለዚያ ብትከፍዪ ለማሽኑ ከመክፈል ይሻላል። ደንበኛ አልነበረኝም ካለሽ ደግሞ ማሽኑ ለምን እንደሚሸጥ ነግሮሻል።

ከዚያ እንዲህ ብለሽ ተደራደሪ። «ካሜራውን ዛሬ ከአንተ ልግዛ። ማሽኑን ለዚህ ወቅት አከራየኝ። በኋላ ማሽኑን ከገዛሁ ኪራዩ ከዋጋው ይታሰብልኝ።» በጽሑፍ ይሁን። ተበላሽቶ ቢቆም ጥገናው የማን እንደሆነም ይጻፍ። እምቢ ካለ ሌላ የሚያከራይ ፈልጊ። ወይም ዕቃው ያለው ሰው ቀጥረሽ አንቺ ደንበኛውን አምጪ፣ ትርፉን ተካፈሉ። ትርፉ ያንስሻል፣ ቁጠባሽ ግን አይነካም።

ማሽኑን ስትረከቢ እያንዳንዱን ሞተር ለብቻው አስነሺ። ለ20 ደቂቃ ያለ ዕረፍት ይሥራ፤ የሚቃጠል ሽታ ካለ ተመልሰሽ ሂጂ። ውሃ አስጠጪው፤ ታንኩ ሲሞላ መሳቡን በራሱ ማቆም አለበት። ዘንጎቹን ሁሉ ገጣጥመሽ መጋጠሚያው ላይ አየር እንደማያስገባ በእጅሽ ፈትሺ።

መቼ ልግዛ ለሚለው ቁርጥ ያለ ነገር ልስጥሽ። ዋጋውን በሁለት ዓመት ይመልስ ካልን በዓመት 1100 ያስፈልግሻል። ፎቅ ከሌላቸው ቤቶች የሚቆጠበው 285 ሲቀነስ 815 ይቀራል። ያ ወደ 15 የፎቅ ሥራ ነው። በካሜራው እያሳየሽ 15 የፎቅ ሥራ በዓመት ከሸጥሽ ግዢ፣ ምንም አትፍሪ። አምስት ወይም ስድስት ላይ ከቆመ መከራየቱን ቀጥዪ። ሲገዛም ቁጠባሽ በሙሉ አይውጣ። የአሸንዳ ሥራ ወቅት አለው። ቅጠል ከረገፈ በኋላና ዝናብ ከመግባቱ በፊት ይጎርፋል፣ በመሀል ጸጥ ይላል። በዚያ ጊዜ የሁለቱን ሠራተኞችሽን ደሞዝ የሚሸፍን ገንዘብ እጅሽ ላይ ይቅር። እነሱ ከሄዱ ማሽኑን የሚይዘው ሰው የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ገና ጀማሪ ነኝ። ቤት ያለውን ቫኪዩም ክሊነር በፕላስቲክ ቱቦ አስረዝሜ ብሠራበትስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቤት ምንጣፍ ማጽጃው ለደረቅ አቧራ የተሠራ ነው። እርጥብ ቅጠል ከገባበት ውሃው ወደ ሞተሩ ይሄዳል፣ አንተንም ኤሌክትሪክ ሊይዝህ ይችላል። እሱን ተወው። እርጥብም ደረቅም የሚስብ የወርክሾፕ ቫኪዩም ካለህ ግን ፎቅ በሌለው ቤት ለደረቅ ቅጠል መነሻ ይሆንሃል። ቱቦው ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይዘጋል፣ ታገሠው። በአየር የሚነፋው ማሽንም ደረቅ ቅጠል ላይ ፈጣን ነው፣ ግን ቆሻሻውን ግቢውና መስኮቱ ላይ ይበትነዋል። ያንን የመጥረግ ሥራም ዋጋህ ውስጥ አስገባ። በማንኛውም መንገድ ስትሠራ ማስክና መነጽር አትርሳ። አሸንዳ ውስጥ የደረቀ የወፍ ኩስ አለ። አቧራው ሳንባ ያሳምማል። አስቀድመህ በውሃ አርጥበው።

ጥያቄ፦ አንድ ደንበኛችን አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያና አሸንዳ ያለው ቤት አለው። በማሽን ማጽዳት እንችላለን?

መልስ፦ አትንኩት። ተራ ቫኪዩም የአስቤስቶስን ክር አጣርቶ አያስቀርም፣ በጀርባው መልሶ ወደ አየር ይረጨዋል። በደረቁ መቦረሽም ሆነ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ማጠብ ክሩን ያስለቅቀዋል። ወደ ሳንባ የገባው ክር ካንሰር ሊያስከትል ይችላል፣ በሽታውም የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ጣሪያው ራሱም ተሰባሪ ስለሆነ ሰው ሲወጣበት ይሸነቆራል። ለደንበኛችሁ በግልጽ ንገሩት፤ ለዚህ ሥራ የሠለጠነና ፈቃድ ያለው ባለሙያ ይጥራ። አስቤስቶስ ይሁን አይሁን ካልታወቀም፣ ተመርምሮ እስኪለይ ድረስ እንደ አስቤስቶስ ቁጠሩት።